የዓድዋው ሙከራ በ5 ብርጭቆ

የሳይንስ ክበባችንን ልጆች ስለ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ ስጠይቃቸው ሁሉም አንድ መልስ ነው ያላቸው፤ «ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፣ የቢልሃርዚያ መድኃኒት አገኘ።» አለቀ። መድኃኒት የተባለው የአይጥ መድኃኒት በምንልበት ቋንቋ ከሆነ ልክ ናቸው። እንዶድ ሰውን ከቢልሃርዚያ አያድንም፤ የሚገድለው በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ነው። ደግሞስ ማየት ብቻውን ምን ይሠራል? እናቴ በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ወንዝ ወርዳ ጋቢና ቡልኮ በእንዶድ ስታጥብ ኖራለች። እሷም፣ ጎረቤቶቿም፣ ከነሱ በፊት የነበሩትም የሞተ ቀንድ አውጣ ሳያዩ አልቀሩም። ሰውየውን የለየው ካየ በኋላ ያደረገው ነው። ዕቃ አምጥቶ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት፣ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጠብ እንድታደርግበት ጠየቃት፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ ተመለከተ። ይህ የሆነው ዓድዋ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

እኔ ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ኮምቦልቻ እኖራለሁ። ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት ከሚሴ አካባቢ፣ ሰገራ በማይክሮስኮፕ ስመረምር ነው። የቢልሃርዚያን እንቁላል በሕልሜም አልስተውም፤ ሞላላ ነው፣ ጎኑ ላይ እንደ ጽጌረዳ እሾህ የሾለ ነገር አለው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ልጆች «እትዬ» እያሉ ይጠሩኝና ያንን የዓድዋ ሙከራ በብርጭቆ እንደግመዋለን። እስካሁን አራት ጊዜ ሠርተነዋል። ሁለቱ ተበላሽተዋል፣ በአንዱ ደግሞ ሳናውቅ ዋሽተናል። የምጽፈው እንዲህ ያለ ክበብ ለሚመሩ መምህራን ነው፤ የኛን ስሕተት ከፍላችሁ እንዳትገዙት።

ወንዝ የሚወርደው ማን ነው?

ልጆች አይደሉም። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ቢልሃርዚያ የሚገባው በቆዳ ነው። የተበከለ አንድ ቀንድ አውጣ በቀን በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ በዓይን የማይታዩ እጮችን ውኃው ውስጥ ይለቃል፤ እነሱም እግር ወይም እጅ ካገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስረው ይገባሉ። ስለዚህ የምሰበስበው እኔ ነኝ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የዝናብ ቦቲና እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንት አድርጌ። የምሄደው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። እጮቹ የሚለቀቁት ብርሃን ሲበረታ፣ ይበልጡን ከረፋዱ እስከ ቀትር ስለሆነ ማለዳ መሄድ አደጋውን ይቀንሰዋል። ያጠፋዋል ግን አልልም፤ ውኃ ቆዳዬን ከነካኝ ወዲያውኑ በደረቅ ፎጣ አሽቼ አደርቀዋለሁ፣ አልኮልም አደርግበታለሁ። ልጆቹ ከዳር፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆመው መዝገብ ይይዛሉ።

መሰብሰቢያው ቀላል ነው። ትልቅ የሻይ ማጥለያ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በሽቦ አሰርኩ፤ ይኸው ነው። ውኃው የሚሮጥበት ቦታ አትድከሙ። ቀስ በሚልበት ጥግ፣ ሣርና ቅጠል ተንጋሎ በተኛበት፣ ከቅጠሉ ሥር ታገኟቸዋላችሁ። የምንፈልገው ዓይነት ጠፍጣፋ ነው፣ እንደተጠቀለለ ቀበቶ፤ በሳይንሱ ስም ባዮምፋላሪያ ይባላል። ጅራቱ ሾጥጦ ወደ ላይ የወጣውን ተዉት። ለ5 ብርጭቆ 50 ያስፈልጋል፣ እኔ ግን ከ60 በታች ይዤ አልመለስም፤ በመንገድ የሚሞት አለ፣ ሲደርስ የሚንሳፈፍም አለ።

ቤት ስትደርሱ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አድርጓቸው፣ ላዩን በወንፊት ክደኑት፤ ግድግዳ ወጥተው ይጠፋሉና። የተቀቀለ የሰላጣ ቅጠል ይወዳሉ። ሁለት ቀን ይረፉ። የተንሳፈፈውን፣ ከዛጎሉ ወጥቶ የማይንቀሳቀሰውን አውጡና ጣሉ። ሳፋውን ስትነኩ ሁልጊዜ ጓንት አድርጉ፤ ቀንድ አውጣው ቤት ስለገባ እጭ መልቀቁን አያቆምም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ብልሽት። ውኃውን ከቧንቧ ቀጥታ ቀዳን። በማግስቱ ምንም እንዶድ ያልገባበት ብርጭቆ ውስጥ ከ10ሩ 6 ሞተው አገኘን። ልጆቹ ደስ አላቸው፣ ሌሎቹ ብርጭቆዎች ውስጥ ሁሉም ሞተው ነበርና። «ሠራ!» አሉ። ምኑ ይሠራል! ቀንድ አውጣዎቹን የፈጀው ውኃ ማከሚያው ክሎሪን ነበር። መማሪያ መጽሐፉ ያንን ባዶ ብርጭቆ «ማነጻጸሪያ» ይለዋል፤ እኔ ለልጆቹ «ምስክሩ» ነው የምላቸው። ምስክሩ ከሞተ ክሱ ይፈርሳል። ከዚያ ወዲህ የዝናብ ወይም የምንጭ ውኃ እንጠቀማለን፣ የቧንቧ ከሆነም ክፍት ባልዲ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ አሳድረን ነው።

እንዶዱ

ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሳይቀላ ይለቀማል። እናቴም እንዲሁ ነበር የምትለቅመው፤ የቀላው አረፋ የለውም ትል ነበር። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ነገር ነው፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም እሱው ነው። ስለዚህ የአጣቢዋና የተመራማሪው ምርጫ አንድ ላይ ይወድቃል።

ግን እንዶድ ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንዱ ሐረግ ብርቱ ነው፣ አንዱ ደካማ። ይህንን የለየው የእርሻ ዕፅዋት ባለሙያው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነው። ከተለያየ የአገሪቱ ክፍል እየሰበሰበ፣ እየተከለ፣ ፍሬውን በቀንድ አውጣ ላይ እየፈተነ፣ በምርቱም በብርታቱም የተሻለውን መረጠ። የተመረጠው እስከ ዛሬ «ዓይነት 44» ነው የሚባለው። ተረት የሚያወራ ሰው ለገሠን ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ከአክሊሉ ጋር አብሮ የተቀበለው ግን እሱ ነው። ለኔ ያ ቁጥር 44 ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ከ44 በፊት 43 አለ ማለት ነው፣ እያንዳንዱም ተተክሎ፣ ተጠብቆ፣ ተለክቶ። እኛ ከጓሮ አጥር የምንለቅመው ግን ዘሩ የማይታወቅ ነውና ደከም ሊል ይችላል። ቅር አይበላችሁ።

ፍሬውን አድርቁና በሙቀጫ ውቀጡት። የምትወቅጡት ደጅ ይሁን፣ አፍንጫና አፋችሁን በነጠላ ሸፍኑ፣ ነፋስ ከኋላችሁ ይምጣ። ብናኙ አፍንጫ ከገባ የሚያስነጥሰው ማስነጠስ ሌላ ነው፣ ዓይን ከገባም ያቃጥላል። ልጆች እንዳይቀምሱት ንገሯቸው፤ «ለኮሶ ይጠጣል» የሚል ከቤቱ ሰምቶ የመጣ ልጅ አይጠፋም። አይጠጣም። ይመርዛል።

ከዚያ 1 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፉና አሳድሩት። ሚዛን ከሌላችሁ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሂዱ፤ እኛ እዚያ ነው የምናስመዝነው፣ ሰውየው አሁን ለምዶናል። በማግስቱ በንጹሕ ሻሽ አጥልሉት። ይህ እናት ውኃው ነው፤ በያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ የ1 ሚሊ ግራም ዱቄት ጭማቂ አለ።

ቀዝቃዛ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሁለተኛው ብልሽታችን እዚህ ጋ ነበር። የጤና ሰው ሆኜ ዕድሜዬን «አፍሉ፣ አፍሉ» ስል ስለኖርኩ ዱቄቱን የሚንተከተክ ውኃ ላይ በተንኩት። አረፋው ትንሽ ነበር፣ ቀንድ አውጣዎቹም ትልቁ መጠን ውስጥ ሆነው በማግስቱ ግድግዳ ላይ ሲሽከረከሩ አገኘናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ያልተነካ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት ወገኑ ስኳር ታስሮበት የተቀመጠ፣ ቀንድ አውጣን የማይጎዳ ነው። ፍሬው ሲደቅና ውኃ ሲያገኝ እዚያው ፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም የአንዱን ወገን ስኳር ይቆርጠዋል፤ ገዳይ የሚሆነው ያኔ ነው። የፈላ ውኃ ኢንዛይሙን ሥራውን ሳይጀምር ያበላሸዋል። ኬሚስቶቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት ይህንን ገዳይ ነገር ነጥለው ሲያወጡት «ለማቶክሲን» አሉት፣ በለማ ስም። እናቴ ስለ ኢንዛይም አልሰማችም፤ እንዶዷን ግን ቀቅላ አታውቅም።

ብርጭቆዎቹ

ግማሽ ሊትር የሚይዙ 5 ማሰሮዎች፣ የማርማላታ ቢሆኑም ግድ የለም። በያንዳንዱ ላይ በፕላስተር ቁጥር ለጥፉ፦ 0፣ 10፣ 20፣ 50፣ 100። ቁጥሩ በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንዶድ እንዳለ ነው። መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ከእናት ውኃው ለ10ሩ 5 ሚሊ ሊትር፣ ለ20ው 10፣ ለ50ው 25፣ ለ100ው 50 ሚሊ ሊትር ጨምሩና የቀረውን እስከ ግማሽ ሊትር በንጹሕ ውኃ ሙሉት። ለ0 ምንም አትጨምሩ። በያንዳንዱ 10 ቀንድ አውጣ። መጠናቸው ይመጣጠን፤ ልጆች ሳያስቡት ትልልቆቹን ለምስክሩ ይሰጣሉ፣ እንዳይሞትባቸው። ስለዚህ አንዷ ዓይኗን ጨፍና በማንኪያ ታውጣ። ሰዓቱን ጻፉ። ለ24 ሰዓት አትነካኩ።

ይህንን አሰላለፍ እኔ አላመጣሁትም። አክሊሉ ከዓድዋ አዲስ አበባ ተመልሶ ያደረገው በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ዝቅ፣ ከፍ እያደረገ መጠኑን መፈለግ። የመጀመሪያውን አጭር ጽሑፍ በ1965 የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። በ1966 ደግሞ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፣ መሥራቹም እሱ ነበር። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዶክትሬቱን ይዞ ከመጣ ገና 2 ዓመቱ። ኢንስቲትዩቱ ቢልሃርዚያን ብቻ አልያዘም፤ እኛ ቁንጭር የምንለውን የቆዳ ሌሽማንያሲስም በደጋው እየዞሩ አጥንተዋል፣ አክሊሉ ራሱ እዚያ ውስጥ ነበረበት። ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል፣ አዲስ አበባ ሰፈረ ሰላም ግቢ ነው ያለው።

ሞተ የሚባለው መቼ ነው?

የዋሸነው እዚህ ጋ ነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ፣ 24 ሰዓት ሲሞላ፣ በ20ው ብርጭቆ 10ሩም ዛጎላቸው ውስጥ ገብተው ድርቅ ብለዋል። አንዷ የሰባተኛ ክፍል ልጅ መዝገቡ ላይ «20፦ 10/10» ብላ ጻፈች፣ እኔም አጽድቄ ፈረምኩ። ማጠቢያ አጥተን በንጹሕ ውኃ ሳፋ ውስጥ ዘርግፈናቸው ሄድን። ሰኞ ስመለስ 4ቱ ሰላጣ ሲበሉ አገኘሁ።

ቀንድ አውጣ ቅር ያለው ነገር ሲመጣ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ከ24 ሰዓት በኋላ በማንኪያ አውጧቸው፣ ቀስ አድርጋችሁ አለቅልቋቸው፣ ቁጥሩ በተለጠፈበት ሌላ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሌላ 24 ሰዓት አሳርፏቸው። ቆጠራው ከዚያ በኋላ ነው። የሞተው ከዛጎሉ ወጥቶ ይለጠጣል ወይም ውስጥ ገብቶ ቀለሙ ይገረጣል፤ በስፒል ጫፍ ስትነኩት አይሰበሰብም። የደማም ታያላችሁ። የዚህ ዓይነቱ ቀንድ አውጣ ደም እንደኛ ቀይ ስለሆነ የብርጭቆው ወለል ሮዝ ይሆናል። መጀመሪያ ያየች ልጅ ደንግጣ ነበር። ካጠራጠራችሁ «አጠራጣሪ» ብላችሁ ጻፉ። ያንን ቃል መጻፍ ከምንም በላይ የሚከብዳቸው ለጎበዞቹ ተማሪዎች ነው።

አራተኛው ሙከራችን፣ ደህናው፣ ይህን ሰጠን፦ ምስክሩ ውስጥ 0 ሞተ፣ በ10ሩ 2፣ በ20ው 5፣ በ50ው 9፣ በ100ው 10። ዓይነት 44 በ10 ሚሊ ግራም ገደማ በ24 ሰዓት ይጨርሳቸዋል፤ የኛ የአጥር እንዶድ ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ እጥፍ ፈለገ። ልጆቹ «የኛው ሰነፍ ነው» ብለው ተበሳጩ። እኔ ግን ለገሠ ለምን ያን ያህል እንደደከመ የገባቸው ያን ቀን ይመስለኛል።

አሁን አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። በብርጭቆ የሠራ ነገር በወንዝ ይሠራል ወይ ተብሎ የተጠየቀው ዓድዋ ላይ ነው። ከ1969 እስከ 1974፣ 5 ዓመት፣ ውኃውን በእንዶድ እያከሙ፣ የነዋሪውን ሰገራ ከፊትና ከኋላ እየመረመሩ ቆዩ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ሕፃናቱን ለይቶ መቁጠር የብልህ ሥራ ነው፤ አዋቂው ድሮ የያዘው ትል ለዓመታት አብሮት ሊኖር ይችላል፣ ሕፃን ላይ ግን አዲስ መያዝ መቆሙ በግልጽ ይታያል። ያን ሁሉ ሰገራ ማን መረመረው? እንደ እኔ ያለ ሰው ነዋ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ስላይድ በስላይድ። ከዚያ በኋላ ግን ውጤቱን በውጭው ዓለም ቶሎ አልተቀበሉትም። ገበያው ላይ የነበረው በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ የቀንድ አውጣ መግደያ ኬሚካል ነበር፤ የእንዶድ መርዛማነት ደግሞ በነሱ ደንብ፣ በነሱ ቤተ ሙከራ እንደገና ይታይ ተባለ፣ ዓመታት አለፉ። የደኅንነት ጥያቄ መጠየቁ ትክክል ነው፣ እኔም እጠይቅ ነበር። ግን ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ኢሪ ሐይቅ የሚባለውን «የሜዳ አህያ» የሚሉት ዛጎል ለበስ ፍጡር ወርሮ የውኃ ቧንቧ ሲደፍንባቸው፣ የኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በፍጥነት ፈተነ፣ ፓተንትም ወጣበት። አክሊሉ በ1997 ዐረፈ።

የተረፈውን ውኃ

ወንዝ ውስጥ አትድፉ። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ «ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውን ወሬ ልጆቹ በዚህ ይርሱት። ከቤትና ከጉድጓድ ውኃ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ይፈሰስ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ብርታቱን ያጣል። ቀንድ አውጣዎቹ የነበሩበት ውኃ ደግሞ ከወጡበት በኋላ 2 ቀን ተቀምጦ ይደፋ፤ እጮቹ ሰው ሳያገኙ ከዚያ በላይ አይቆዩም። ማሰሮዎቹን በፈላ ውኃ እጠቧቸው፤ እዚህ ላይ ማፍላት ይፈቀዳል።

ከማጠባችሁ በፊት ግን የማሰሮዎቹን ግድግዳ ለብርሃን አቅንታችሁ እዩ። የኛ 100 ቁጥር ማሰሮ ጎኑ ላይ እንደ ንፍጥ ጠብታ ጥርት ያለ፣ ውስጡ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ነገር ተለጥፎበት ነበር፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሳይሞቱ የጣሉት እንቁላል። ልጆቹ ሊፍቁት ሲሉ ከለከልኳቸው፣ ንጹሕ ውኃ ሞልተን መስኮት ላይ ተውነው። ከሳምንት በኋላ የስፒል ራስ የሚያክሉ ጠፍጣፋ ጫጩቶች መስታወቱ ላይ ይሄዱ ነበር። እንዶድ እናቶቹን ፈጅቷል፣ እንቁላሉን አልነካውም። ያቺው «10/10» ብላ ጽፋ የነበረችው ልጅ ጎንበስ ብላ ስታያቸው ቆየችና «እትዬ፣ ታዲያ ዓድዋ ላይ ስንት ጊዜ ነው የደገሙት?» አለችኝ።